ከየትኛው ወገን ትሆኑ ነበር?

ጥያቄዋን በየዓመቱ እጠይቃታለሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ፣ ስለ አሜሪካ ሪፐብሊክ የመጀመሪያ ዓመታት የሚያወራው ምዕራፍ ሲያልቅ፣ ከፈተናው መጨረሻ አሥር ማርክ የምትይዝ አንድ የማብራሪያ ጥያቄ አለችኝ። “ከነፃነት በኋላ የተነሡት ሁለቱ ፓርቲዎች በማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣን ላይ የነበራቸውን ልዩነት ጻፉ። በዚያ ዘመን ብትኖሩ ከየትኛው ወገን ትሆኑ ነበር? ለምን?” በደጉ ጊዜ ልጆቹ የሚፈሩት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ማጥናት ይጠይቃላ። ሁለተኛውን ይወዱታል። ያላጠናም ሰው እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ማርክ ይለቅማል።

ይህ የምተርከው በሆነበት ዓመት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ተከፍቶ፣ ደግሞ ተዘግቶ ተከፍቶ፣ የልጆቹ ዕድሜ ከክፍላቸው አልፎ ነበር። ጢም ያወጣ ተማሪ ነበረኝ፤ ያገባች ተማሪም ነበረችኝ። ከተማችንን ላሊበላን የያዙ ነበሩ፤ ዙሪያውን ተራራ የያዙ ነበሩ። ማን የቱን እንደያዘ እዚህ አልጽፍም፤ ለምተርከው ነገር አያስፈልግም፣ ደግሞም ተፈራርቀውበታል። የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፦ አንዱ የሌላው ነው ብሎ የጠረጠረውን ሰው ከቤቱ ይወስድ ነበር።

ምዕራፉን ሳስተምር እንኳ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ነፃ ከወጡ በኋላ ግዛቶቹ ልል በሆነ ውል ተያይዘው መቆየታቸውን፣ ውሉ አላስኬድ ሲላቸው ተወካዮቻቸው በበጋ ሙቀት በአንድ አዳራሽ መሰብሰባቸውን፣ የሚሉት ውጭ እንዳይሰማ መስኮቱን ዘግተው በር ላይ ዘበኛ ማቆማቸውን ነገርኳቸው። ሕገ መንግሥቱ ተጽፎ ሲወጣ ደግሞ “የሰው መብት የታለ? ይጻፍልን!” ብለው የተነሡ ብዙዎች እንደነበሩና መጨረሻ ላይ እንደተጻፈላቸው። ከዚያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሁለት ሚኒስትሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተቀመጡ ሁለት ወገን እንደሆኑ።

“ፌዴራሊስት” የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛ ዘንድ ቃሉ ሌላ ነው፤ ሥልጣን ለየክልሉ ይሁን የሚል ሰው ነው በዚህ ስም የሚጠራው። እዚያ ተገልብጦ ነው፤ ማዕከሉ ይጠንክር፣ አንድ ባንክና አንድ ጦር ይኑረን ያሉት ናቸው ፌዴራሊስት የተባሉት። ሌሎቹ፣ ሪፐብሊካን የተባሉት፣ ሩቅ ያለ መንግሥት ዞሮ ንጉሥ ይሆንብናል ብለው ሰጉ። ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሚነቅፉትን ጋዜጠኞች የሚያሳስር ሕግ ፈረመ። ከዚያ በምርጫ ተሸነፈ፤ ተተኪው በሚሾምበት ቀንም ገና ሳይነጋ ከተማውን ለቅቆ ወደ አገሩ ሄደ።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው፣ ዓመቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ የማያውቀው ልጅ እጁን አወጣ።

“ቲቸር፣ ሳይዋጉ?”

“ሳይዋጉ።”

“ጦሩ በማን እጅ ነበር?”

“በተሸነፈው እጅ።”

ማንም አልሳቀም። እኔም እውነቱን መደበቅ ስላልፈለግሁ “ኋላ፣ ስድሳ ዓመት ቆይተው፣ ተዋግተዋል፤ ክፉኛ ተላልቀዋል” አልኳቸው። ልጁ ራሱን ነቅንቆ ቁጭ አለ። ያንን የጠበቀ ይመስል ነበር።

የፈተናው ቀን መብራት ስላልነበረ ጥያቄዎቹን ማባዛት አልቻልንም፤ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጻፍኳቸው። ልጆቹ ጨርሰው ሲወጡ ደወል ተደወለ። ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች እያጠፋሁ ሳለሁ ከውጭ ጩኸት ሰማሁና ጥዬው ወጣሁ፤ ሁለት ልጆች በኳስ ተጣልተው ኖሯል። ገላግዬ ወረቀቴን ሰብስቤ ሄድኩ። ወደ ሰሌዳው አልተመለስኩም። የከሰዓት ፈረቃ ሲገባ ሰሌዳው ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ መስመር ብቻ ነበረች፦ “ከየትኛው ወገን ትሆኑ ነበር? ለምን?”

ይህን ያወቅሁት ግን በማግሥቱ ነው።

የዚያን ቀን አርባ ሦስት ሉክ በፌስታል ይዤ ቤት ገባሁ። ቤቴ የአባቴ ቤት ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ነኝ አብሬያቸው ያለሁት። ፀሐይ በሚገባበት ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁና ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ማረም ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወረቀቶች አሜሪካ ውስጥ ነበሩ። ባንክ፣ ግብር፣ ጋዜጣ፤ የተሳሳተም ነበር፣ ግን የአሜሪካ ስሕተት ነው። ሰባተኛው የዚያ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ሁለት መስመር አሜሪካ ቆየና ወጣ። “እኔ ማዕከሉን ከሚፈሩት ወገን እሆን ነበር” ይላል፤ “ምክንያቱም ታላቅ ወንድሜን ከቤት የወሰዱት ሰዎች ወዴት እንደወሰዱት እናቴ ጠይቃ የሚነግራት አላገኘችም። ሁለተኛው ወንድሜ የት እንደሄደ ግን አውቃለሁ። እኔም ከፈተና በኋላ እከተለዋለሁ።”

አንብቤ ወረቀቱን በግንባሩ ጭኔ ላይ ደፋሁት። ሰው ያየኝ እንደሆነ ብዬ ወደ አጥሩ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

ጥቂት ወረቀት ቆይቶ የአንዲት ጎበዝ ተማሪዬ መጣ። እሷ ደግሞ ማዕከሉ ይጠንክር ከሚሉት ወገን ነበረች። “ከተራራ የወረዱት አባቴን ለማን ነው የምትገብረው ብለው ደብድበውታል” ብላ ጽፋለች፤ “ጠቁሞ ያስመታውን ጎረቤታችንንም አውቀዋለሁ።” ከዚያ የጎረቤቱን ስም ከነአባቱ ጽፋዋለች።

ሲመሽ አንብቤ ጨረስኩ። አሜሪካን ለቀው የወጡት አሥራ አንድ ነበሩ። ጥቂቶቹ ወዲህ፣ ጥቂቶቹ ወዲያ። በየወረቀቱ ራስጌ ስም ከነአያት፣ ክፍልና ቁጥር፤ እኔው ራሴ “ስማችሁን በግልጽ ጻፉ” እያልኩ ያስለመድኳቸው። ከተማውን የያዙት እጅ ቢገባ የሚጠፉ ልጆች አሉ። ተራራውን የያዙት እጅ ቢገባ የሚጠፉ ሌሎች ልጆች አሉ። እነዚህን ወረቀቶች አምኜ የምሰጠው አንድም ሰው በአገሩ አልነበረም።

በማግሥቱ ዳይሬክተራችን በር ላይ ጠብቆ ቢሮው አስገባኝ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው። በሩን ዘጋ፤ ከዚያ ዘጋው የሚባለውም አስፈራው መሰለኝ፣ መልሶ ገርበብ አደረገው።

“ምንድን ነው የጠየቅሻቸው?” አለኝ።

“ፈተና ነዋ።”

“ከየትኛው ወገን ናችሁ ብለሽ ሰሌዳ ላይ ጽፈሻል እየተባለ ነው። መምህሯ ደጋፊ ትመዘግባለች ወይ ብለው ከተማውን የያዙት ጠየቁኝ።”

“ስለ አሜሪካ እኮ ነው! ላይኛውን አጥፍቼው ነው። ልጆች ተጣልተው...”

“እህቴ፣ አሜሪካ የምትለዋን ማን አያት?” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ወረቀቱን አምጣ ብለውኛል። ገና እያረመች ነው አልኳቸው። እስከ ሐሙስ።” ቀኑ ማክሰኞ ነበር። “መጥፎ ነገር ካለበት እኔ አላየሁም፤ አታሳዪኝም።”

ያን ያለው ሊጎዳኝ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ያለው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱም ልጆች አሉት።

ቤት ገብቼ በመጀመሪያ ያሰብኩት ማቃጠል ነው። ጓሮ ሄጄ ከሰል ላይ አንዱን ሉክ አስቀመጥሁት። ወረቀት ሲቃጠል ዝም ብሎ አመድ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ጥቁር ቅጠል ሆኖ ተነሣና ነፋሱ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ጎረቤት ግቢ ጣለው። ዞሬ ሮጥሁ። የጎረቤታችን ሴትዮ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ “ምን ጠፋሽ?” አለችኝ። “ዶሮ” አልኳት። የተቃጠለው ቅጠል ከገመዱ ሥር ወድቆ ነበር። ስጠጋ በጥቁሩ ላይ የእስክሪብቶው ጽሑፍ ብርማ ሆኖ ይነበባል። “ምክንያቱም” የሚለውን ቃል አየሁት። ረገጥሁት፤ በእግሬ ፈጨሁት፤ “ዶሮዋ የለችም” ብዬ ተመለስኩ። ግቢያችን በር ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

“ዶሮ የለንም” አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሲሰሙ አላቋረጡኝም። የልጁን ወረቀት አነበብኩላቸው፤ የልጅቷንም።

“እኔ ተማሪ ወርቁን ከሰሙ እንዲያወጣ ስንት ዓመት ለፍቼ ነው የማስተምር” አሉ። “አንቺ ዘንድ ሳይጠየቁ አወጡት።” ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። “ማርካቸውን ጽፈሻል?”

“ገና ነኝ፣ አባባ።”

“ጻፊ። የደከሙበትን አትቅሚያቸው። ወረቀቱን በውኃ ዘፍዝፊው። ነገ የጎጆውን ግድግዳ እንመርጋለን።”

ከቤታችን ጀርባ የቅኔ ተማሪዎቻቸው የሚያድሩባት ጎጆ አለች፤ ክረምቱ አንድ ጎኗን ልጦት ነበር። ተማሪዎቹ ለበዓል ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ወጥተው ግቢው ባዶ ነው።

ማርኩን ጻፍኩ፤ የተቃጠለውንም ካነበብኩት አስታውሼ። ስጽፍ መምህር ሆኜ ነው የጻፍኩት። ለመለሰ አሥር፣ ስምንት፣ ሰባት፣ እንደ ሥራው። ያልመለሰም እንደ ሥራው፣ ሁለትም ሦስትም። ከጥያቄው ለወጡት ለአሥራ አንዱ ደግሞ ከምንም አምስት ይሻላል ብዬ ለሁሉም አምስት አምስት ሰጠኋቸው። ይህ ትክክል መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወረቀቶቹን ሁሉ በርሜል ውስጥ ነክሬ ድንጋይ ጫንኩባቸው።

ረቡዕ ጠዋት በርሜሉን ስከፍት ወረቀቱ ለስልሷል፤ ጽሑፉ ግን እንዳለ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም ውኃ እንደማይፈራ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ስሞቹ ቁልጭ ብለው ያዩኛል። አንድ በአንድ እያወጣሁ በጣቴ ቆራረጥኳቸው፤ ስሙን ከአያቱ፣ አያቱን ከክፍሉ። አባቴ የጭቃ ጉድጓድ ቆፍረው አፈርና ጭድ አዘጋጅተው ነበር። ውኃውን ከነወረቀቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥነውና ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። መርገጥ ጀመርኩ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ወረቀቱ በእግር ጣቶቼ መካከል እንደ ቆዳ ይንሸራተታል።

ረፋድ ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። አባቴ “ማነው?” ሳይሉ ተከፈተ።

ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጠብመንጃ የያዘው በሩ ላይ ቀረ። ሌላው ጃኬት የለበሰ ወጣት ነው፤ ገና ሲራመድ አወቅሁት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዬ ነበር። ለአባቴ ጎንበስ ብሎ “እንዴት አደሩ የኔታ?” አለና ወደ እኔ ዞረ።

“ቲቸር፣ እንደምን አደሩ? ትምህርት ቤት ስንፈልግዎ የሉም።”

“ክፍል የለኝም ዛሬ” አልኩት። እውነት ነበር።

“የፈተናውን ወረቀት ፈልገን ነበር።”

“ለሐሙስ አይደለም የተባለው?”

“ዛሬ ቢሆን ብለን ነው።”

በጭቃው ውስጥ እስከ ቋንጃዬ ቆሜያለሁ። የሚፈልገው ነገር እግሬ ሥር ነው። ቁልቁል ላለማየት አንገቴን አደነደንኩት። መርገጥ ባቆም ይጠረጥራል፣ ብረግጥ ጭቃው ወረቀቱን ገልብጦ ያወጣዋል። አባቴ ጭዱን እንደያዙ ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ የለውም።

“አርሜ ጨርሻለሁ” አልኩ። “ወረቀቱን አስወግጃለሁ። ማርኩ ከወጣ ምን ያደርግልኛል?”

“አስወገዱት?”

“ሉክ ነው፤ ይቀደዳል።”

ቀስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ቀረበ። ያኔ እኔም አየሁት። ከቀኝ እግሬ ቅልጥም ላይ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ብጣሽ ተለጥፋለች፤ መስመሮቿ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ፤ የሚነበብ ነገር ይኑርባት አይኑርባት ከላይ ሆኜ አልለየሁም። እሱ አያት። ማየቱን በእርግጠኝነት አውቃለሁ፤ ዓይኑ እዚያ ቆሞ ነበር። በበሩ ላይ ያለው ሰው ጠብመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲያዛውር ብረቱ ተሰማኝ።

“እኛንም ጠይቀውን ነበር” አለ ድንገት። “ይህችኑ ጥያቄ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አያስታውሱም?”

አላስታውስም ነበር። በዓመት ስንት ልጅ ያልፋል። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

“ሁለቱንም አልመረጥክም” አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቅ። “ስለ መስኮቱ ነበር የጻፍከው። መስኮቱን ባይዘጉ ኖሮ እርስ በርስ ሳይሆን ለውጭ ሰው ይናገሩ ነበር ብለህ።”

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ያመነኝ ይሁን፣ መዋሸቴን ያወቀ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

“ማርክ ሊስቱ የታለ?” አለ።

አባቴ ገብተው አመጡለት። በስልኩ ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሣው፤ ወረቀቱን ለአባቴ በሁለት እጁ መለሰ። “ግድግዳው ከመዝነቡ በፊት ይድረቅላችሁ” ብሎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። አባቴ ሊያነሡኝ መጥተው አቃታቸውና እሳቸውም ዳሩ ላይ ተቀመጡ። ሁለታችንም አላለቀስንም። እጃችን አልታዘዝ ብሎን ነበር እንጂ።

ግድግዳውን መረግነው። ከሰዓት በኋላ ስታጠብ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ማርክ ሊስቱ።

ሮጬ ሄጄ ገለጥኩት። የማብራሪያ ጥያቄው ዓምድ ላይ አሥር፣ ስምንት፣ ሦስት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ስድስት ተደባልቆ ተጽፏል። በመካከሉ አሥራ አንድ አምስቶች። ሌላ አምስት ያገኘ አንድም ተማሪ የለም። ጎበዟ ልጅ በሌላው ጥያቄ ሁሉ ሙሉ አግኝታ እዚህ ላይ አምስት። አንዱን ወረቀት አቃጥዬ፣ አርባ ሁለቱን ቆራርጬ ረግጬ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ አሥራ አንዱን ልጆች ለይቼ በራሴ እጅ ጽሑፍ ሰጥቼው ኖሯል። ትንሽ ማሰብ ለሚችል ሰው በቂ ነው፤ ፎቶ ያነሣው ልጅ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ በቅጡ አላስታውስም። ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማየው አሥራ አንዱን ወንበር ነበር። ስም የምጠራው ልቆጣጠር ሳይሆን “አቤት” የሚለውን ድምፅ ለመስማት ነው። ለልጆቹ ምን ልበላቸው? “አምስት ያገኛችሁ ሽሹ” አይባልም። ከመካከላቸው አንዱ ጭራሽ ኮሪደር ላይ አስቁሞ “ቲቸር፣ ከሁለት ገጽ በላይ ጽፌ አምስት?” ብሎ በሰው ፊት ሞገተኝ። “ዝም በል!” ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ደነገጠ፤ እኔ ጮሄ አላውቅም። ዞር አድርጌ “ስምንት አደርግልሃለሁ፣ ዳግመኛ አታንሣው” አልኩት። ጉቦ የተቀበለ ሰው ይመስል ግራ ተጋብቶ ሄደ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ የዝምተኛው ልጅ ወንበር ባዶ ሆነ። ማክሰኞም አልመጣም። ሐሙስ ላይ ጓደኛውን ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀና “አላውቅም” አለ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ወይ ወስደውታል፣ ወይ ወንድሙን ተከትሎታል። ሁለቱም በእኔ ጥያቄ የመጣ መሰለኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሣሁ። ቤታቸው ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ቁልቁል ሲወርዱ እንደሆነ ከመዝገቡ አይቻለሁ። አባቴ “ሴት ብቻዋን በዚህ ጊዜ” ብለው ተነሡ፤ ልመልሳቸው ብል እንቢ ብለው እስከ ከተማው ዳር ሸኙኝ። ነጠላዬን እንደ ተሳላሚ አጣፍቼ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ድንጋይ በተንኮሻኮሸ ቁጥር እቆማለሁ። አንድ ቦታ ላይ ከላይ ከገደሉ አፋፍ ፉጨት ሰማሁ፤ ሌላ ፉጨት ከታች መለሰለት። እረኛ ይሆን ሌላ፣ ቀና ብዬ አላየሁም። ዳዊት ከአባቴ የለመድኩትን ያህል እየደገምኩ ተራመድኩ፤ መካከሉን ረስቼ መጀመሪያውን ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ቤቱን ሰው አሳየኝ። አንዲት ጠይም፣ ከሲታ ሴት በር ላይ ጌሾ ትለቅማለች። ከተሜ የምትመስል ሴት ስትመጣባት ስታይ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች።

“እንደምን አደሩ፣ እናቴ?” አልኳትና የልጁን ስም ጠራሁ። “ፈልጌው ነበር።”

“እንዲህ የሚባል ልጅ የለኝም” አለች።

ፊቱ ፊቷ ነው። ዓይኑ ዓይኗ ነው።

“የመጣሁት ከትምህርት ቤት ነው...”

“የለኝም አልኩሽ። ልጆቼ አልቀዋል። ሂጂ።”

እጇ ነጠላዋን ጨብጦ ይንቀጠቀጣል። የዳይሬክተሩን እጅ፣ የአባቴን እጅ፣ የራሴን እጅ አየሁ በሷ ላይ። እዚያ ድረስ ስሄድ ስለ ፍርሃት የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ይህቺ ሴት መንገዱ ላይ ሰው ባየች ቁጥር ልጅ ትክዳለች።

“አስተማሪው ነኝ” አልኩ። “ታሪክ የማስተምረው። ስለ ቀረ ነው። ክፉ አልያዝኩም።”

ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

“እርስዎ ነዎት ያቺ የጠየቀችው?” አለች።

“ምን?”

“ከማን ወገን ነህ ያለችው። ቤት መጥቶ ነገረኝ። ‘እውነቱን ጻፍኩላት’ አለኝ። የዚያን ቀን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ልጄ ሆይ፣ እውነት ለሰው ይጻፋል ወይ? አልኩት። ‘ለቲቸር ነው’ አለኝ።”

ወረቀቱ እንደጠፋ፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዳላነበበው ነገርኳት። ስለ አምስቱ ማርክ አልነገርኳትም፤ አልደፈርኩም። ድንጋዩ ላይ እንድቀመጥ በእጇ አመለከተችኝና እሷም ተቀመጠች።

“ጋሸና ነው” አለች ቀስ ብላ። “አጎቱ ዘንድ ላክሁት። ከመንገድ መገንጠያው ላይ መኪና ይጭናል፣ ያወርዳል። ወደ ወንድሙ እሄዳለሁ ሲለኝ ከእግሩ ሥር ወድቄ ለመንኩት። ቢያንስ እዚያ በልቶ ያድራል።”

ደስ አለኝ። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ያን የመሰለ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ብቻ ጠይቆ ትክክለኛውን የጠየቀ ልጅ፣ ደብተሩን ጥሎ ጆንያ ሊሸከም ሄደ ስባል ደስ አለኝ። እግዜርን አመሰገንኩ።

“እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አልኳት። “ከዚያ ወዲህ እሱን ብሎ የመጣ ሰው አለ? ከከተማም ይሁን፣ ከተራራም?”

“ማንም አልመጣ” አለች ሰፌዷን እያነሣች። “ከእርስዎ በቀር።”

ስመለስ ፀሐይ ከአናቴ ላይ ነበረች፤ ፎቶውን ያነሣው ልጅ ለአለቆቹ አሳይቶት ቢሆን እስካሁን ይመጡ ነበር እያልኩ ነበር የምራመደው። ከተማው ጫፍ ላይ ኬላ የያዙት አስቁመው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። “ከለቅሶ” አልኳቸው። አንደኛው “እግዜር ያጥናችሁ” ብሎ አሳለፈኝ።